ለኮሮላ የሚሆን የመኝታ ተሳቢ፦ የሐዋሳው ጠያቂ ዕቅድ የት የት ላይ ይታረም?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። 1.6 ሊትር ሞተር ያላት የቆየች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከባለቤቴና ከአምስት ዓመት ልጃችን ጋር ላንጋኖ፣ አርባ ምንጭና ባሌ እየሄድን የምናድርበት ትንሽ የመኝታ ተሳቢ ግቢዬ ውስጥ ላሠራ አስቤአለሁ። ርዝመቱ 3.5፣ ስፋቱ 2፣ ቁመቱም 2 ሜትር ሆኖ በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንዲለበስ ነው የምፈልገው። የማውቀው በያጅ የጋሪ አክስል እንደሚበቃ፣ ጎማዎቹን ልክ መሃል ላይ ብናደርጋቸው መኪናዋ ምንም ክብደት እንደማይሰማት፣ መጎተቻውንም ከኋላ ባምፐሩ ጋር በይዶ እንደሚያያይዝልኝ ነግሮኛል። ሲበርድ ውስጥ ቡና ለማፍላት ጥግ ላይ የምድጃ ቦታም ይኖረዋል። ዕቅዱ ያዋጣል ወይ? በስንት ብር ያልቃል?»

ምላሽ፦ ሐሳቡ ይሠራል፤ በዚህ ዕቅድ ግን አይሠራም። ክብደቱ፣ የጎማዎቹ ቦታ፣ አክስሉና የመጎተቻው አያያዝ ተሳቢውን መንገድ ላይ አደገኛ ያደርጉታል፤ የምድጃው ቦታ ደግሞ ተሳቢው ጥላ ሥር ቆሞ እያለ እንኳ ቤተሰብ ሊያጠፋ ይችላል። በያጁ ምክሩን ከክፋት አልሰጠም። የሚያውቀው በር፣ አጥርና ጋሪ ስለሆነ በእነሱ ልክ አስቦ ነው። ይሁንና በር አይነዳም፤ ጋሪም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አይሄድም።

በክብደቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ የሚቀዳ ነውና። 3.5 በ2 በ2 ሜትር የሆነ ሣጥን ወለሉ፣ ጣሪያውና አራቱ ግድግዳዎቹ ሲደመሩ 36 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብረት በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል፤ ስለዚህ ልባሱ ብቻውን ከ420 ኪሎ በላይ ነው። ላሜራውን የሚሸከመው የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) አጽም፣ አክስሉ፣ ጎማዎቹ፣ አልጋው፣ ውኃውና የጉዞው ዕቃ ሲጨመሩበት ሙሉ ክብደቱ 900 ኪሎ ግራም ቢያልፍ አይገርመኝም። ኮሮላዎ ራሷ ባዶዋን 1,100 ኪሎ ገደማ ናት። በአውሮፓ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም ወይም ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ እንዲበልጥ አይፈቀድም፤ በዚህ ስሌት ለእርስዎ መኪና ጣሪያው 550 ኪሎ አካባቢ ነው። እኔ ግን የመኪናዋን ዕድሜና የአገራችንን ዳገት አስቤ ከነሙሉ ጭነቱ 450 ኪሎ ግራም ላይ እንዲቆም አጥብቄ እመክራለሁ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በእጅዎ ካለና ከዚህ ያነሰ ቁጥር ከጻፈ የሚገዛው የመጽሐፉ ቁጥር ነው።

ዳገቱን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ስላለች መኪናዋ ገና ከግቢ ሳትወጣ ከስድስት አንድ እጅ ያህሉን ጉልበቷን ትታለች ማለት ነው። በዚህ ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ግንባር ነፋሱን ፊት ለፊት ሲገጥም፣ ከመኪናዋ ፊት እጥፍ የሚሆን ገጽ ከኋላ እንደተሸከመች ይቆጠራል። የነዳጁ ነገር እንኳ ይለፍ። ትልቁ ጉዳይ ፍሬኑ ነው፤ ተሳቢው ፍሬን ስለሌለው ሁለቱንም የምታቆመው ኮሮላዋ ብቻ ናት።

ስለዚህ ቆሞ የሚገባበት ቤት የሚለውን ሐሳብ ይተዉትና ተኝቶ የሚገባበት ሣጥን ብለው ያስቡ። መነሻ መለኪያዎ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ይሁን። አንዱ ጣውላ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ የጎን ግድግዳ ከአንድ ሙሉ ጣውላ ይወጣል፤ ርዝመቱ 2.44፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ እንደ ውኃ ጠብታ የተጠጋጋ። ስፋቱን 1.5 ሜትር ቢያደርጉት ሁለት ሰውና አንድ ሕፃን ይተኙበታል። ከመሬት እስከ ጣሪያ ያለው ከፍታ 1.7 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ የሚታየው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምግብ ማብሰያው ከኋላ በኩል፣ ወደ ላይ በሚከፈት ክዳን ሥር፣ ውጭ ቆመው የሚሠሩበት ይሁን። ብረት ከመቆረጡ በፊት ግቢዎ ሲሚንቶ ላይ ይህን ልክ በጠመኔ ያስምሩና ፍራሽ ዘርግተው ሦስታችሁም ተጋደሙበት። እግር የሚወጣ ከሆነ ማወቅ ያለብዎ ያን ጊዜ ነው፤ ከተበየደ በኋላ አይደለም።

የክብደቱ በጀት እንዲህ ይመጣል። ከ60 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ከሆነ ቱቦላሬ የሚሠራው ሻሲ አንድ ሜትሩ 4.4 ኪሎ ስለሚመዝን 15 ሜትሩ 65 ኪሎ ይሆናል። አክስል፣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው እምብርት)፣ ባሌስትራ (ምቱን የሚያበርደው የተደራረበ ቅጠል ብረት) እና ሁለት ጎማ ከነቸርኬያቸው 90 ኪሎ ይያዝላቸው። ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ለወለል፣ ለግድግዳና ለማዕድ ቤቱ ክፍልፋይ ሌላ 90 ኪሎ ነው። ጣሪያው በስስ ኮምፔርሳቶ፣ ውጪው በስስ አሉሚኒየም፣ ፍራሹ፣ በሮቹ፣ ባትሪውና ሌላው ጥቃቅን ሁሉ ሲደመር ባዶው ተሳቢ ወደ 350 ኪሎ ይደርሳል። ለውኃ፣ ለምግብ፣ ለልብስና ለማብሰያ የሚቀርዎት 100 ኪሎ ነው። አንድ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ መሆኑን ካስታወሱ ይህ መቶ ኪሎ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ ይገባዎታል።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት እንምጣ። «ጎማው መሃል ቢሆን መኪናዋ ክብደት አይሰማትም» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም እውነትነቱ ነው። ተሳቢ በመጎተቻው ኳስ ላይ፣ ማለትም ከመኪናዋ ኋላ ወጥቶ የተሳቢው አፍ በሚገጥምበት ክብ ብረት ላይ፣ መጫን አለበት። ሳይጫን ሲቀር፣ ወይም ይባስ ብሎ የኋላው ከብዶ ኳሱን ወደ ላይ ሲስብ፣ ከጎን የመጣ ንፋስ ወይም በአጠገብዎ ያለፈ የጭነት መኪና የሚፈጥረው ግፊት ተሳቢውን ትንሽ ያዞረዋል፤ እሱን ወደ መስመሩ የሚመልስ ኃይል ስለሌለ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እየበለጠ ይሄድና ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት መቆላት ይጀምራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ፀጥ ብሎ የሚሄድ ተሳቢ 85 ላይ መኪናዋን ይዟት ሊገለበጥ የሚችለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው፤ ለ450 ኪሎ ተሳቢ ቢያንስ 45 ኪሎ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የአክስሉን ቦታ ራሱ ይነግረናል። ከኳሱ እስከ አክስሉ 2.5 ሜትር ቢሆን፣ 45 ኪሎ ኳሱ ላይ እንዲያርፍ የተሳቢው የስበት ማዕከል ከአክስሉ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መሆን አለበት፤ 45ን በ2.5 አባዝቶ ለ450 ማካፈል ነው። ማብሰያው ከኋላ ስለሆነ ክብደቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ስለዚህ የውኃ ጋኑና ባትሪው ከፊት በኩል ይግቡ፤ አክስሉም ከሣጥኑ መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይታሰር። ባሌስትራውን የሚይዙት ማሰሪያዎች መጀመሪያ በቡሎን ብቻ ይያዙ፤ ሣጥኑ አልቆ ከነሙሉ ጭነቱ እስኪመዘን ድረስ የመጨረሻው ብየዳ አይደረግ። መመዘኑ ቀላል ነው። ከእህል ነጋዴ አንድ የወለል ሚዛን ይዋሱ፤ ሚዛኑ ላይ እንጨት ደራርበው የመጎተቻውን አፍ በመኪናዋ ኳስ ከፍታ ልክ ያሳርፉበት፤ ተሳቢው ሜዳ ላይ መሆኑን ያረጋግጡና ያንብቡ። ከ45 ካነሰ አክስሉ ወደ ኋላ፣ ከ65 ከበለጠ ወደ ፊት ይሄዳል።

ምንም ቢጠነቀቁ አንድ ቀን መቆላት ቢጀምር፣ እጅዎ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ እግርዎም ከነዳጁ ይነሳ፤ ሌላ ነገር አያድርጉ። ፍሬን መርገጥም ሆነ «ልጎትተውና ይስተካከል» ብሎ ነዳጅ መስጠት ነገሩን ያባብሳል። ከቆሙ በኋላ ዕቃውን ወደ ፊት ያዛውሩ።

የጋሪ አክስል ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች በየመንገዱ እንደምናየው ከወዳደቀ የመኪና ዕቃ የተሠራ፣ ባሌስትራም ሆነ ሞላ የሌለው፣ ለእንስሳ ፍጥነት የታሰበ ነው። ለሥራው አልንቀውም፤ ለተሳቢ ግን አይሆንም። መንገዱ የሚመታው ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ ሻሲውና ወደ እንጨቱ ስለሚገባ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ቡሎኑ ይላላል። በእሱ ፋንታ ከፊት ጎማዎቿ የምትነዳ ትንሽ ቶዮታ የኋላ ሞዞ ይፈልጉ፤ እርስዎ አካባቢ ካጡ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ይገኛል። የኋላ ጎማዎቿ ስለማይነዱ ሞዞው በአጭር ብረት ዘንግ ላይ ብቻውን የሚዞር፣ ከወፍራም የአክስል ብረት ጋር በቀላሉ የሚታሰር ነው። የእርስዎ ኮሮላና ብዙዎቹ ቪትዞች ቸርኬያቸው ባለ አራት ቡሎን ሆኖ አንድ ዓይነት ልክ ስላለው፣ ለመኪናዋም ለተሳቢውም አንድ ተጠባባቂ ጎማ ይበቃል። በሞዞው ላይ ያለው ታምቡርም (የፍሬኑ ከበሮ) አይጣል፤ የእጅ ፍሬን ገመድ ቢገጠምለት ለማቆሚያ ይረዳል። ባሌስትራው ከትንሽ ፒካፕ ከመጣ ግን እንዳለ አይታሰር። ለቶን የተሠራ ባሌስትራ በ450 ኪሎ አይታጠፍም፤ ተሳቢው ይዘላል። ቅጠሎቹን ይቀንሱለትና ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት በሁለት ጣት ውፍረት ያህል የሚሰጥ ይሁን።

ኩሽኔታን፣ ማለትም ሞዞው ያለ ፍትጊያ የሚዞርበትን ዕቃ፣ በተመለከተ ከራሴ ስህተት ልንገርዎ። የመጀመሪያ ተሳቢዬን ሠርቼ ወደ ላንጋኖ ስወጣ «እንዳይላላ» ብዬ ዳዶውን ባለኝ ኃይል አጥብቄው ነበር። አርሲ ነገሌ ከመድረሴ በፊት የተቃጠለ ግራሶ ሽታ በመስኮት ገባ፤ ወርጄ ሳየው የቀኝ ሞዞ ከመጋሉ የተነሳ የነካው ውኃ ይንጫጫ ነበር፤ ኩሽኔታውም ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ትክክለኛው አሠራር ጎማውን በእጅ እያዞሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ያህል መልሶ ማላላት፣ በጣት ብቻ አጥብቆም ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ሽቦ መሰል ቁልፍ) ማስገባት ነው። ይህ የሚሠራው ለሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ ነው፤ የገዙት ሞዞ ኩሽኔታው አንድ ወጥ ሆኖ የታሸገ ከሆነ ግን እንደ አምራቹ ልክ ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሻጩን ሳይሆን ዕቃውን ፈትተው ይዩ።

ሻሲው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጥሩ በያጅ ይሠራዋል። ሁለት ነገሮችን ብቻ ይንገሩት። በዋናዎቹ ሁለት አግዳሚዎች የላይና የታች ገጽ ላይ መስመር ቆርጦ እንዳይበይድ፣ በጎናቸው እንዲበይድ፤ ብረቱ ሲታጠፍ ከሁሉ የሚወጠረው የላይና የታች ገጹ ስለሆነ እዚያ ላይ የተቃጠለ መስመር የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። የቱቦላሬው ጫፍ ሁሉ በላሜራ ይዘጋ፤ ካልተዘጋ ከውስጥ ይዝጋል፣ ከውጭ የተቀባው አንቲረስት አያድነውም።

እንጨቱ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ተሳቢ የሚሞተው በመንገድ ሳይሆን በዝናብ ነውና። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ለቁም ሣጥን እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ አንዴ ውኃ ከነካቸው እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣሉ። ኮምፔርሳቶም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚወስነው ንብርብሮቹ የተጣበቁበት ሙጫ ነው። ሻጩ «ውኃ አይነካውም» ቢልዎ ከጥጉ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ይጠይቁና ቤት ወስደው ሁለት ሦስት ሰዓት በፈላ ውኃ ይቀቅሉት፤ ከዚያ በፀሐይ ያድርቁትና በጥፍርዎ ጠርዙን ይሞክሩ። ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተገለጠ አይግዙ። ካልተገለጠ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ በተለይ ከወለሉ ሥር ያለው፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይጥገብ። አሉሚኒየሙ ከጣሪያ ወደ ጎን ተደርቦ ይውረድ፤ መገጣጠሚያው በሲሊኮን ብቻ አይታመን፤ ውኃ በራሱ ክብደት ወደ ውጭ የሚፈስበት አደራረብ ከማንኛውም ማጣበቂያ ይበልጣል።

መጎተቻው በምንም ዓይነት ከባምፐር ጋር አይበየድ። የኮሮላ ባምፐር ላስቲክና ስስ ብረት ነው፤ ከሻንጣው ወለል ሥር ያለውም ላሜራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይዘልም። መኪናዋ ለብቻው የቆመ ሻሲ የላትም፤ ጉልበቷ ከኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት የታጠፉ አግዳሚዎች ላይ ነው። መጎተቻው ሁለቱንም በወፍራም ሳህን አቅፎ፣ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ባላቸው ቡሎኖች ተወጥሮ መታሰር አለበት፤ ኳሱም መደበኛው 50 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በቤት የታጠፈ መንጠቆ አይሁን። በተጨማሪ ከተሳቢው ክንድ (ከሣጥኑ እስከ ኳሱ ከሚደርሰው ብረት) ግራና ቀኝ ሁለት ሰንሰለት ከመኪናዋ ጋር ይያያዝ፤ ከክንዱ ሥር እርስ በርስ ይጠላለፍ፤ ኳሱ ቢያመልጥ ክንዱ አስፋልቱን ከመውጋት ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ፍሬቻ፣ ስቶፕና የሌሊት መብራት ከመኪናዋ ተስበው ይገጠሙ፤ ከኋላም ቀይ አንጸባራቂ ይለጠፍ። ጎማ ሲገዙ በጎኑ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2519 ማለት በፈረንጆች 2019 ዓመት 25ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ስለሚሰነጠቅ በጥርሱ አይታለሉ።

ቡናው ውጭ ይፈላል፤ በዚህ ላይ መደራደር የለም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እንቅልፍ የሚመስል ድካም ያመጣና ሰውየው ሳይነቃ ይገድላል። በቤት ውስጥ ከሰል አግብተው በተኙ ሰዎች ላይ የደረሰውን በየሰፈሩ ሰምተናል። የእርስዎ ሣጥን ደግሞ ማብሰያውና የተጠጋጋው ጥግ ሲቀነሱ ውስጡ አራት ሜትር ኩብ እንኳ የሚሞላ አይደለም፤ ሦስት ሰው ይተነፍስበታል። «ፍሙ ጠፍቷል፣ ለሙቀት ያህል ነው» ማለትም አያድንም፤ ያልበረደ ፍም ሁሉ ጋዙን ያወጣል። ረከቦቱም ምድጃውም ከሸራው ጥላ ሥር፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ከያዙ እንደዚሁ ከመኝታው በተለየ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የክፍሉ ወለል ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ይኑረው። መኝታውም አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ ሁለት የማይዘጉ መተንፈሻዎች ይኑሩት። ለትንፋሽ ብቻ አይደለም፤ ሰው በእንቅልፍ ላይ የሚያወጣው እርጥበት ሌሊቱን ቀዝቃዛው አሉሚኒየም ላይ ጤዛ ሆኖ ፍራሹን ያረጥባል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ፎም ከአሉሚኒየሙ በስተጀርባ ቢገባ ብርዱንም ጤዛውንም ይቀንሳል።

ወረቀቱን በመጨረሻ የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እርስዎ በመጀመሪያ ያድርጉት። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያልተመረመረና ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ የሚሰጠው ነው። በቤት የተሠራ ቀላል ተሳቢ ለመርማሪው እንግዳ ነገር ሊሆን ስለሚችል ልኩን፣ ክብደቱን፣ የአክስሉንና የመጎተቻውን ዓይነት የያዘ ንድፍ አዘጋጅተው ብረት ከመቆረጡ በፊት ወደ ከተማዎ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሂዱ፤ ምን እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይቀበሉ። የሦስተኛ ወገን መድንን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 799/2005ም አለና፣ የመኪናዋ መድን ተሳቢ ስትጎትት የሚሸፍን መሆኑን ከመድን ሰጪዎ ይጠይቁ። የሚሉዎት «አይቻልም» ከሆነ ያወጡት የንድፉን ወረቀት ብቻ ነው።

ተፈቅዶ በሚገባ ቢሠራም ሁሉ ቦታ አይወስድዎትም። ላንጋኖና ወንዶ ገነት ምንም አይሉም፤ አርባ ምንጭም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ፣ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ እየወረዱ ይደረሳል፤ ከአርባ ምንጭ በላይ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት ግን ተሳቢውን ከታች አቁመው በኮሮላዋ ብቻ ይውጡት። ባሌን ከዕቅድዎ ያውጡ። እዚያ የሚያልፉበት ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሞተሯ እዚያ ከጉልበቷ 40 በመቶ ያህሉን ታጣለች፤ ጠጠሩም፣ ውርጩም፣ የመመለሻው ቁልቁለትም ለፍሬን አልባ ተሳቢ አልተሠሩም። ባሌ ያለ እሱ ጉዞው ትርጉም የለውም ካሉ ተሳቢ አያሠሩ፤ ጥሩ ድንኳን ገዝተው መኪናዋ ጣሪያ ላይ ጭነው ይሂዱ። ያለዚያ ምክሬ አንድ ነው፦ 2.44 በ1.5 ሜትር፣ 450 ኪሎ፣ ባሌስትራ ያለው፣ ማብሰያው ውጭ የሆነ ተሳቢ። በጉዞ ላይ ደግሞ ማንም ሰው፣ በተለይ ልጁ «ተኝቶ ይሂድ» ተብሎ፣ በውስጡ አይቀመጥ።

የብሩን ነገር በቁጥር አልጽፍም፤ የብረትና የኮምፔርሳቶ ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። የሚያስፈልገውን ልንገርዎና ራስዎ ዋጋ ያጠያይቁ፦ ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ ሦስት፣ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አምስት፣ ለጣሪያ ባለ 4 ሚሊ ሦስት፣ 12 ካሬ ሜትር ያህል ስስ አሉሚኒየም፣ አንድ ጥንድ ሞዞ፣ አንድ ጥንድ ባሌስትራ፣ ሁለት አዲስ ጎማ፣ መጎተቻው ከነኳሱ፣ መብራቶቹ ከነሽቦአቸው። ገንዘብ ካነሰ ከመስኮቱ፣ ከቀለሙና ከማዕድ ቤቱ መሳቢያ ይቀንሱ፤ ከሞዞው፣ ከጎማውና ከመጎተቻው አይቀንሱ።

ሲያልቅ ሩቅ አይሂዱ። ከነሙሉ ጭነቱ ረፋድ ላይ እስከ ሻሸመኔ ይንዱት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ታኮ አድርገው ያቁሙና የእጅዎን ጀርባ በሁለቱ ሞዞዎች ላይ ያሳርፉ። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ሳይፈታ እንዳይመለሱ። የባሌስትራውን፣ የመጎተቻውንና የጎማውን ቡሎን ሁሉ እንደገና በቁልፍ ያጥብቁ፤ አዲስ ብረት በመጀመሪያው ጉዞ ቦታውን ስለሚይዝ አንዳንዱ ዳዶ ሩብ ዙር እንደሚሰጥ ያያሉ። ሐዋሳ ሲመለሱም ይህንኑ ይድገሙት።